የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ሰነድ በምን ይሠራ? ስፊንክስ፣ ኤምኬዶክስ፣ ዶኩሶረስ ወይስ ዊኪ

ጥያቄው

ጠያቂው የያዘው ፕሮጀክት ትንሽ ነው፦ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው፣ የጎርጎርዮሳዊውንም ወደ ኢትዮጵያው የሚቀይር የፓይተን ላይብረሪ፤ በተርሚናል የሚሠራ አንድ ትእዛዝም አብሮት አለ። ኮዱ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን ሰነዱ ሁሉ አንድ ሪድሚ ፋይል (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ውስጥ ታጭቆ ነበር። ፋይሉ ስለረዘመ ሰዎች የአጫጫኑን ክፍል አንብበው ይተዉታል፤ ከታች የተመለሰውን ጥያቄ መልሰው ይጠይቃሉ። በቋሚነት የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የፓይተን ሰዎች። ለሰርቨር የሚከፈል ገንዘብ የለም። ሰነዱ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ከስፊንክስ፣ ከኤምኬዶክስ፣ ከዶኩሶረስና ከጊትሃብ ዊኪ የትኛው ይሻላል ነው ጥያቄው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በተራ ፋይል የተጻፈን ሰነድ ወደ ድረ ገጽ የሚቀይሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ዊኪው ጊትሃብ ራሱ ለየፕሮጀክቱ የሚሰጠው የጽሑፍ ገጽ ነው።

አጠያየቁ ትሑት ነው። አንድ ነገር ግን አቅልሎ አይቷል፤ አማርኛውን ሥርዓቱ ከተመረጠ በኋላ የሚታከል ተጨማሪ ሥራ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች፣ ጨምቄ ማቅረብ የፈለግኩት በዚሁ ምክንያት ነው። 22ቱ መልሶች ተከታትለው ሲነበቡ፣ አማርኛው ከመጀመሪያው ቀን የምርጫው መለኪያ መሆን እንዳለበት በዝርዝር ያሳያሉ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ዊኪውን ከዝርዝሩ እንዲያወጣ መከረ። የጊትሃብ ዊኪ ራሱን የቻለ ሌላ የጊት ሪፖዚቶሪ (የፋይሎች ማከማቻ) ነው፤ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ከመግባቱ በፊት የሚገመገም የለውጥ ሐሳብ፣ አይቀበልም። አንድ ሰው የፈንክሽን ስም ሲቀይር ኮዱና ሰነዱ በአንድ ግምገማ አብረው አይታዩም፤ ኮዱ ይገባል፣ ሰነዱ ይረሳል። ሌላም ምክንያት አለው፦ በፍለጋ ሞተሮች የሚገኘው ቢያንስ 500 ኮከብ ያለውና ለሕዝብ አርትዖት የተዘጋ ዊኪ ብቻ ነው። ለትንሽ ፕሮጀክት ይህ ማለት ጉግል ላይ አይገኝም ማለት ነው።

ሁለተኛዋ መላሽ ተስማምታ አንድ ነገር ጨመረች። ሰነዱ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚቶሪ፣ ዶክስ በሚባል ፎልደር ይቀመጥ፤ ያኔ አንድ ቨርዥን ታግ ሲደረግ (በስሙ ምልክት ሲደረግበት) የዚያው ቨርዥን ሰነድ አብሮት ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ስለ ዊኪ የተከራከረ የለም።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው የኤምኬዶክስ ወዳጅ ነው። በፒፕ (በፓይተን መጫኛ) ይጫናል፣ አንድ የያምል ማዋቀሪያ ፋይል ይበቃዋል፣ ገጾቹ ተራ ማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚጻፍ ጽሑፍ) ናቸው፤ ሰርቭ የሚለውን ትእዛዝ ከሰጡ በኋላ እየጻፉ ውጤቱን ብራውዘር ላይ ማየት ይቻላል። ማቴሪያል የተባለው ገጽታ ሲጨመርበት ያለ ምንም የዲዛይን ሥራ ያማረ ሳይት ይወጣል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን ከእሱ የሚቀል የለም።

አራተኛው በጨዋነት አረመው። የማቴሪያል ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ ነገር መጨመር አቁመው ጥገና ላይ ብቻ እንደሚወሰኑ፣ ጉልበታቸውንም ዘንሲካል ወደተባለ አዲስ መሣሪያ እንዳዞሩ አስታውቀዋል፤ ዛሬ ከባዶ የሚጀምር ሰው ይህን አውቆ ይግባበት ነው ያለው። ተራ የማርክዳውን ገጽ ወደ ሌላ ሥርዓት ሲዛወር አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ለአንድ ገጽታ ብቻ የሚገባ አጻጻፍ ነው፦ በሦስት ቃለ አጋኖ የሚጀምሩ የማስታወሻ ሳጥኖች፣ በሦስት የእኩል ምልክት የሚከፈቱ ታቦች። የትኛውም ሥርዓት ቢመረጥ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ በቁጠባ መጠቀም ይገባል፤ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 5

ይህ ረጅም ነው፤ ርዝመቱም ይገባዋል። ስፊንክስ የተሠራው ለፓይተን ቋንቋ ሰነድ ሲሆን ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የሊነክስ ከርነልም ከ2016 ጀምሮ በእሱ ይጻፋል። መላሹ ግን በዝናው አልተከራከረም። ለፓይተን ላይብረሪ የሚጠቅሙትን ሦስት ክፍሎች ለይቶ አስረዳ። ኦቶዶክ በኮዱ ውስጥ ያለውን ዶክስትሪንግ (ከየፈንክሽኑ ጋር የተጻፈ ማብራሪያ) አንስቶ የማጣቀሻ ገጽ ይሠራል። ኢንተርስፊንክስ የፓይተንን የራሱን ሰነድ በስም ብቻ እንዲጠቀስ ያደርጋል፤ ዴት የሚለው ክላስ ሲጠራ ሊንኩ ራሱ ይገኛል። ዶክቴስት ደግሞ ሰነዱ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አስኪዶ ውጤታቸውን ያመሳክራል።

ለሦስተኛው የሰጠው ምሳሌ ከፕሮጀክቱ የወጣ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገብቶ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይወጣል ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ትክክለኛው ሴፕቴምበር 12 ነው። በዓይን የሚያነብ ገምጋሚ እንዲህ ያለውን በቀላሉ ያልፈዋል፤ ዶክቴስት ግን አያልፈውም። ለቀን መቀየሪያ ላይብረሪ ይህ ብቻውን ስፊንክስን ለመምረጥ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

የሚበላሸውንም አልደበቀም። ኦቶዶክ ገጹን ለመሥራት ሞጁሉን ኢምፖርት ያደርጋል፣ ማለትም ኮዱን ራሱን ይጭናል። ቢልድ በሚደረግበት፣ ማለትም ሰነዱ ወደ ድረ ገጽ በሚቀየርበት ማሽን ላይ ላይብረሪው ወይም አንዱ ጥገኛው (የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ) ካልተጫነ ኢምፖርቱ ይወድቃል፤ ስፊንክስ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ይቀጥላል፣ የማጣቀሻው ገጽም ባዶውን ይታተማል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቢልዱ ማዋቀሪያ ፕሮጀክቱን ራሱን በፒፕ እንዲጭን ማዘዝ፤ ሊጫን የማይችል ከባድ ጥገኛ ካለ በኦቶዶክ የማስመሰያ ዝርዝር ውስጥ ስሙን ማስገባት። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት የሚቀይረውን ምልክት፣ ማለትም ከሰረዝ ቀጥሎ ትልቁን ደብሊው፣ በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ፍተሻ ላይ ማድረግ።

መልስ 6፣ 7 እና 8

ስድስተኛው ለአምስተኛው እርስዎ እያለ ነው የጻፈው፤ ይዘቱ ግን ጠንከር ያለ ነው። ስፊንክስ የለመደው ሪስትራክቸርድቴክስት አዲስ ሰው የሚያባርር አጻጻፍ መሆኑን፣ ዶኩሶረስ ግን ማርክዳውን ውስጥ የሪአክት (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ክፍል ማስገባት እንደሚፈቅድ አስረዳ። ለዚህ ፕሮጀክት አንባቢው እዚያው ገጹ ላይ ቀን አስገብቶ ሲቀየር የሚያይበት ሳጥን ሊሠራ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

ሰባተኛው እርስዎ የሚለውን ትቶ በአንተ ገባ። ሦስት የፓይተን ሰዎች ለአርባ ገጽ ሰነድ ብለው የኖድ (ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ጥገኞችን ሲያድሱ ሊኖሩ ነው ወይ የሚል ነው ቁጣው። ከቁጣው ሥር ሁለት ጭብጦች አሉት። የመጀመሪያው፦ በዶኩሶረስ 3 ገጾቹ በኤምዲኤክስ (ማርክዳውንን ከሪአክት ጋር በሚያዋሕድ አጻጻፍ) ስለሚነበቡ በጽሑፍ መካከል የተጻፈ ጥምዝ ቅንፍ ወይም የያንሳል ምልክት ቢልዱን ይሰብራል። ሁለተኛው፦ ዶኩሶረስ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ የሰነዱን ፎልደር እንዳለ ይገለብጠዋል። 40 ገጽ፣ በ6 ቨርዥን፣ በ2 ቋንቋ 480 ፋይል ይሆናል፤ አንድ የተሳሳተ ሊንክ ለማረም በየቋንቋው ስድስት ቦታ መግባት ግድ ነው።

ስምንተኛዋ አበረደችው፤ ለሁለቱም ፍትሐዊ ነበረች። ጥምዝ ቅንፍ የሚያስቸግረው በተራው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ በኮድ ሳጥን ውስጥ ወይም በባክቲክ (ኮድን በሚከብበው የ` ምልክት) መካከል ከሆነ ምንም አይልም። በተጨማሪም በማዋቀሪያው ዲቴክት የሚለውን አማራጭ የመረጠ ሰው ተራዎቹ የማርክዳውን ፋይሎች እንደ ተራ ማርክዳውን ይነበቡለታል። ስለዚህ ሰባተኛው አጋንኗል። በቨርዥኑ ግን ከእሱ ጋር ናት፤ የዶኩሶረስ የራሱ መመሪያ የቨርዥኖቹ ቁጥር ከ10 በታች እንዲሆን ይመክራል። በኤምኬዶክስ በኩል ማይክ የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ቨርዥን ቢልድ አድርጎ ለሕትመቱ በተለየ ብራንች (የሪፖዚቶሪው ቅርንጫፍ) ላይ ያስቀምጣል፤ ምንጩ አይባዛም። ችግሩ የሚመጣው በራስ ሰር ሲሠራ ነው፤ የጊትሃብ አክሽን (ሥራን በራስ ሰር የሚያካሂደው የጊትሃብ አገልግሎት) ሪፖዚቶሪውን በአጭሩ ብቻ ስለሚያወርድ ያ ብራንች አብሮ አይመጣም፣ ፑሹም ውድቅ ይሆናል። ከሥራው በፊት ብራንቹን ፌች ማድረግ ያስፈልጋል።

መልስ 9 እና 10

ክሩ የዞረው እዚህ ጋ ነው። ዘጠነኛው ከክርክሩ ወጥቶ አንድ ፈተና ሰጠ፦ በሦስቱም ሥርዓቶች ርዕሶቹ በአማርኛ የተጻፉ አንድ ገጽ ሠርታችሁ የየርዕሱን ሊንክ ኮፒ አድርጉ። ስፊንክስ የቆመበት ዶክዩቲልስ የተባለው ላይብረሪ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ከርዕሱ መለያ፣ ማለትም ከሊንኩ ጫፍ፣ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የአማርኛ ርዕሶች አይዲ1፣ አይዲ2፣ አይዲ3 እየተባሉ ይቆጠራሉ። የኤምኬዶክስ ማርክዳውንም እንደዚሁ ያደርግና የታች ሰረዝ 1፣ የታች ሰረዝ 2 ይላቸዋል። ከመካከል አንድ አዲስ ርዕስ ሲገባ ቁጥሮቹ ይገፋሉ፤ ቀድሞ የተላከ ሊንክ ሁሉ ሌላ ክፍል ላይ ይወድቃል። ስህተት ተብሎ የሚታይ ነገር የለም፤ ሊንኩ ይከፈታል፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ዶኩሶረስ የግዕዙን ፊደል እንዳለ ይይዘዋል።

አሥረኛው ይህን ይዞ ቀጠለ። እንዳለ መያዙም ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሆነ አድራሻው ሲገለበጥ በፐርሰንት ምልክት ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። አሥር ፊደል ያለው ርዕስ ዘጠና ቁምፊ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በየትኛውም ሥርዓት ለእያንዳንዱ ርዕስ በእጅ አጭር የላቲን መለያ መስጠት፣ ያንኑ መለያ በሁለቱም ቋንቋ መጠቀም። አንባቢው ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ሲሻገር በዚያው ክፍል ላይ ይቆማል። በስፊንክስ ከርዕሱ በላይ መለያ ይጻፋል፤ በኤምኬዶክስ አትር ሊስት የተባለውን ማራዘሚያ ከፍቶ፣ በዶኩሶረስ ደግሞ በቀጥታ፣ ከርዕሱ ጎን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከሃሽ ምልክት ጋር ይቀመጣል። ገጾቹ አርባ ከመሆናቸው በፊት መጀመር ያለበት ሥራ ነው።

መልስ 11

ስለ ፍለጋ። በእኔ ግምት የክሩ ከባዱ ጭብጥ ይህ ነው። ኤምኬዶክስ የሚጠቀመው ሉነር የተባለው የጃቫስክሪፕት ፍለጋ ትሪመር የሚባል ክፍል አለው፤ ሥራው ከቃሉ ፊትና ኋላ ያለውን ፊደል ያልሆነ ነገር መቁረጥ ነው። ለእሱ ፊደል ማለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አኃዝና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። በአማርኛ ቃል ላይ ሲሠራ ከፊት ጀምሮ ሁሉንም ቆርጦ ባዶ ያስቀራል። ፍለጋው ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ምንም አያገኝም። በማቴሪያል ገጽታ የፍለጋውን ሂደት በማዋቀሪያው መወሰን ስለሚቻል ትሪመር በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ በመለያያ ምልክቶቹም ላይ ።ን፣ ፣ን፣ ፤ንና ፡ን መጨመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀን የሚለው ቃልና አራት ነጥብ የተለጠፈበት ቀን ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው ይመዘገባሉ።

ስፊንክስ የአማርኛ ቃላትን በትክክል ይለያል፤ ወደ ሥራቸው ግን አይመልስም። የተፈለገው ቃል በማውጫው ውስጥ እንዳለ ካልተገኘ፣ ከሁለት ፊደልም ከበለጠ፣ ያንን ቃል በውስጣቸው የያዙ ቃላትን ይፈልጋል። እዚህ ላይ የአማርኛ ጠባይ ይገባል። ሰነድ ብሎ የፈለገ ሰነድን የሚለውን ያገኛል፤ ሰነዱ የሚለውን ግን አያገኝም፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ፊደል ራሱ ተቀይሯል። ይባስ ብሎ የዚህ ፕሮጀክት ዋና ቃላት ቀንና ወር ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ፊደል ናቸው። ቀን ብሎ የፈለገ ሰው የቀን፣ በቀን፣ ቀኑን ብቻ ያለበትን ገጽ አያየውም። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው በእያንዳንዱ የአማርኛ ገጽ ርዕስና መግቢያ ላይ ዋናው ቃል ያለ ቅጥያ እንዲጻፍ ነው። ፕሮግራም አይጠይቅም፤ የአርትዖት ደንብ ብቻ ነው።

ዶኩሶረስ ከራሱ ጋር የሚመጣ ፍለጋ የለውም፤ ለኦፕን ሶርስ ሰነድ በነፃ የሚሰጠውን የአልጎሊያን አገልግሎት ማመልከት ወይም ፕለጊን መጨመር ነው። ፔጅፋይንድ የተባለው ሌላ አማራጭ በማንኛውም ሥርዓት ላይ ይሠራል፤ ሳይቱ ቢልድ ከሆነ በኋላ በውጤቱ ፎልደር ላይ ይካሄዳል። የገጹ የቋንቋ ምልክት አማርኛ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን የአማርኛን ቃል ወደ ሥሩ አይመልስም።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው ከፍለጋው ተነሥቶ ወደ ፊደል ክርክር ሄደ። ዓመት ነው አመት፣ ጽሑፍ ነው ጽሁፍ፣ ሠራ ነው ሰራ፤ በትክክል የማይጽፉ ሰዎች ሰነድ ባይጽፉ ይሻላል እስከማለት ደረሰ። አሥራ ሦስተኛው በተመሳሳይ ቃና መለሰለት፤ አንባቢው በፈለገው ፊደል ቢፈልግ ማግኘት መብቱ ነው ባይ ነው። ከዚህ ንትርክ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጥቷል፦ ፊደላቱን ለፍለጋ ብቻ የሚያስማማ አጭር ስክሪፕት። ዩኒኮድ ሰን ከሠ፣ ሀን ከሐና ከኀ አያዋሕድም፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ በእጅ ይሠራል። አንዱን የፊደል ቤተሰብ በሙሉ ወደ ሌላው መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ዐን ወደ አ የሚወስድ ደንብ ዓን ወደ ኣ ይወስደዋል፣ ዓመትና አመትም አይገናኙም። ኣም ወደ አ፣ ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ መውረድ አለባቸው። ለውጡ በማውጫውም በሚጻፈው ጥያቄም ላይ እኩል መሠራት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከተሠራ ቀድሞ ይገኝ የነበረውም ይጠፋል።

በዚያው መካከል አሥራ ሦስተኛው ሰነዱን ትቶ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል ብሎ ነበር፤ መልሶቹ በፍለጋ ሞተር ስለማይገኙና ከየትኛው ቨርዥን ጋር እንደሚሄዱ ስለማይታወቅ ማንም አልተቀበለውም።

መልስ 14 እና 15

አሥራ አራተኛዋ የትርጉምን ሥራ እንደ ባለሙያ አስረዳች። ጥያቄው እንግሊዝኛው ሲቀየር አማርኛው ማርጀቱን ማን ይናገራል የሚለው ነው። በዶኩሶረስ የተተረጎመው ገጽ በአማርኛው ፎልደር የተገለበጠ ሙሉ ፋይል ነው፤ በኤምኬዶክስ የቋንቋ ፕለጊንም እንደዚሁ የተለየ ፋይል ነው። እንግሊዝኛው ቢታረም አማርኛው ዝም ብሎ የድሮውን ይናገራል። በኩበርኔቲስ (ትልቅ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት) ሰነድ፣ በየቋንቋው ፎልደር ስለሚሠሩ፣ ከእንግሊዝኛው ወደ ኋላ የቀሩትን ፋይሎች የሚያወጣ ስክሪፕት አላቸው፤ ያንን የሚከታተል ቡድን ግን ያስፈልጋል።

ስፊንክስ ጌትቴክስት በተባለው የትርጉም ሥርዓት ይሠራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በማዋቀሪያው የትርጉም ፎልደሩን ማሳየት፣ ጌትቴክስት ኮምፓክት የሚለውንም ፎልስ ማድረግ፤ ያኔ ለእያንዳንዱ ገጽ የየራሱ የትርጉም ፋይል ይኖረዋል። ቀጥሎ የጌትቴክስትን ቢልድ ማስኬድ፤ ጽሑፉ አንቀጽ በአንቀጽ ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ ስፊንክስ ኢንትል በተባለው መሣሪያ የአማርኛውን ፒኦ ፋይሎች (እያንዳንዱ አንቀጽ ከትርጉሙ ጋር የሚቀመጥባቸውን) መፍጠር ወይም ማደስ። ተርጓሚው ፖኤዲት ወይም ዌብሌት በተባሉት የትርጉም መሣሪያዎች ይሞላቸዋል፤ በመጨረሻም ቋንቋውን ኤኤም ብሎ ቢልድ ማድረግ። የእንግሊዝኛው አንቀጽ ጥቂት ሲቀየር የአማርኛው ትርጉም ፈዚ (እንደገና መታየት ያለበት) የሚል ምልክት ይደረግበትና ከሕትመቱ ይወጣል፤ አንባቢው ያንን አንቀጽ ብቻ በእንግሊዝኛ ያያል። የተሳሳተ አማርኛ ከሚያነብ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ቢያነብ ይሻላል፤ እኔም ከእሷ ጋር እስማማለሁ። ተርጓሚው በአንቀጹ ውስጥ ያለ ሊንክ ቢጥል ስፊንክስ የማይመጣጠን ማጣቀሻ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ በመልስ 5 የተነሣው ትልቁ ደብሊው ካለ ቢልዱ ይቆማል፣ መቆሙም መልካም ነው።

አሥራ አምስተኛው አጭር ነው፤ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። በአማርኛ በ፣ የ፣ ከ እና ለ ከቃሉ ጋር ተለጥፈው ይጻፋሉ። ሪስትራክቸርድቴክስት ግን የኮድ ምልክቱ ከባዶ ቦታ ወይም ከሥርዓተ ነጥብ በኋላ እንዲጀምር ይፈልጋል፤ በ ከተለጠፈበት ምልክቱን አያውቀውም፣ ባክቲኮቹም ገጹ ላይ እንዳሉ ይታተማሉ። ከኋላ የሚለጠፈው ን እንደዚሁ ይሰብረዋል። ለማዳን በመካከላቸው የኋላ ስላሽና ባዶ ቦታ ይገባል፤ ፒኦ ፋይሉ በተራ ኤዲተር ከተከፈተ ደግሞ ስላሹ ሁለት መሆን አለበት። ተርጓሚ ይህን ሁሉ በየመስመሩ እንዲያስታውስ መጠበቅ አይገባም። ማርክዳውን ግን በቃል መካከል ያለን ባክቲክ ያለ ችግር ያነባል። ስለዚህ ስፊንክስን ከማይስት ጋር መጠቀም፤ ማይስት ለስፊንክስ ማርክዳውንን የሚያስነብብ ማራዘሚያ ነው። የስድስተኛው ቅሬታም በዚሁ ተመለሰ።

መልስ 16፣ 17 እና 18

አሥራ ስድስተኛው የአማርኛውን ነገር ከሥሩ ተቃወመ፤ ኮድ የሚጽፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ድካሙ ከንቱ ነው ብሎ። አሥራ ሰባተኛው በቁጣ መለሰ፤ ቃላቱ እዚህ መመለስ የለባቸውም። አሥራ ስምንተኛዋ ግን ጥያቄውን በአንባቢ ለየችው። በተርሚናል ትእዛዙ የሚሠራው ሰው የግድ ፕሮግራመር አይደለም፤ የደብዳቤ ቀን የሚቀይር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚፈልገው አጫጫን፣ የመጀመሪያ ምሳሌና የተለመዱ ስህተቶች ናቸው፤ እነዚህ ይተርጎሙ። የፈንክሽኖቹ ማጣቀሻ ከዶክስትሪንግ የሚወጣ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይቆይ። በጌትቴክስት ያልተተረጎመ ገጽ ራሱ በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ የተለየ ነገር መሥራት አያስፈልግም። የስህተት መልእክቶችም በአማርኛው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ሰው የሚፈልጋቸው ከተርሚናል ገልብጦ ነውና።

መልስ 19

በፍላሽ ስለሚዞር ሰነድና ስለ ፒዲኤፍ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰነዱን በዚፕ መስጠት የተለመደ ነው። የስፊንክስ ገጾች ከፎልደር በቀጥታ ሲከፈቱ ፍለጋው ይሠራል፤ ማውጫው እንደ ጃቫስክሪፕት ፋይል ስለሚጫን ነው። የኤምኬዶክስ ፍለጋ ማውጫውን በኔትወርክ ጥያቄ ስለሚያመጣ ብራውዘሩ ይከለክለዋል፤ ማቴሪያል ለዚህ ኦፍላይን የሚባል ፕለጊን አለው። የዶኩሶረስ ሳይት በተለመደው አሠራሩ ያለ ሰርቨር በትክክል አይከፈትም።

ለፒዲኤፍ ስፊንክስ በልማዱ የሚጠራው ፒዲኤፍ ላቴክ የተባለው የገጽ መሥሪያ ኢንጂን ግዕዝን አያውቅም፤ ኢንጂኑን ዚላቴክ ማድረግ፣ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በስም መምረጥ ያስፈልጋል። ቅርጸ ፊደሉ ቢልድ በሚደረግበት ማሽን ላይም መጫን አለበት። አደጋው የኮድ ሳጥኖቹ ላይ ነው። ለኮድ የሚመረጡት ባለ እኩል ስፋት ቅርጸ ፊደሎች አብዛኞቹ ግዕዝ የላቸውም፤ ዚላቴክ ደግሞ ያጣውን ፊደል ሳያትም ወይም በባዶ ሳጥን ተክቶ ያልፋል፣ ቢልዱን ሳያቆም በሎግ ፋይሉ ይናገራል። መስከረም 1 የሚለው ውጤት 1 ብቻ ሆኖ ሊታተም ይችላል። ከቢልዱ በኋላ በሎጉ ውስጥ የጠፋ ቁምፊ የሚለውን የእንግሊዝኛ መልእክት የሚፈልግ አንድ መስመር መጨመር ይገባል።

መልስ 20፣ 21 እና 22

ጠያቂው ተመለሰ፤ ሁሉንም አመስግኖ ስፊንክስን ከማይስትና ከጌትቴክስት ጋር እንደሚይዝ፣ ሕትመቱንም ሪድ ዘ ዶክስ በተባለው የሰነድ ማተሚያ አገልግሎት እንደሚያደርግ አሳወቀ። የቀን መቀየሪያውን ሳጥን ግን አልተወውም፤ በአንድ ገጽ ላይ በትንሽ ጃቫስክሪፕት ይሠራዋል።

ሃያ አንደኛው የሕትመቱን ነገር አስተካከለለት። ሪድ ዘ ዶክስ ከ2023 ጀምሮ ሪፖዚቶሪው ውስጥ የማዋቀሪያ ፋይል ይጠይቃል፤ የስርዓተ ክወናውና የፓይተኑ ቨርዥን እዚያ ይጻፋሉ። አማርኛው በዚያው ሪፖዚቶሪ ላይ የቆመ ሌላ ፕሮጀክት ሆኖ ይከፈታል፣ ቋንቋው አማርኛ ይባላል፣ ከዚያም ከዋናው ፕሮጀክት ሥር እንደ ትርጉም ይያያዛል። አገልግሎቱ ለኦፕን ሶርስ ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ ግን ያሳያል። ማስታወቂያውን የማይፈልግ በጊትሃብ ፔጅስ (በጊትሃብ የድረ ገጽ ማተሚያ) ማተም ይችላል፤ የሳይቱ መጠን ከ1 ጊጋባይት እንዳያልፍ፣ ከብራንች የሚታተም ከሆነም በነጥብ የሚጀምር ኖጄኪል የሚባል ባዶ ፋይል እንዲኖር። እሱ ከሌለ በታች ሰረዝ የሚጀምሩ ፎልደሮች ይዘለላሉ፤ የስፊንክስ የስታይል ፋይሎች ያሉት እንዲህ ባለ ፎልደር ስለሆነ ገጹ ያለ ቅርጽ ይታያል።

ሃያ ሁለተኛዋ ስለ ድሮው ሪድሚ አሳሰበች። አጫጫኑ፣ አንድ ምሳሌና ወደ ሰነዱ የሚወስድ ሊንክ ብቻ ይቅሩበት፤ የቀረው ወደ ዶክስ ፎልደር ይዛወር። ያው ሪድሚ ፓይፒአይ (የፓይተን ላይብረሪዎች ማከፋፈያ) ላይም ስለሚታይ ሊንኮቹና ሥዕሎቹ በሙሉ አድራሻ ይጻፉ፤ በአጭሩ የተጻፉት እዚያ አይከፈቱም። ሊንኩ የሚያመለክተውም በሪድ ዘ ዶክስ ላይ ሌተስት ወደሚባለው ሳይሆን ስቴብል ወደሚባለው አድራሻ ይሁን፤ ሌተስት ገና ያልወጣ ኮድ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ስቴብል ደግሞ የቨርዥን ታግ እስኪኖር ድረስ ስለማይፈጠር፣ መጀመሪያ ታጉ ይውጣ፣ ሪድሚው ከዚያ በኋላ ይቆረጥ።